ጥጥ በአበባ ማስቀመጫ

እማዬ ከደሴ አሜሪካ ከመጣች አራት ወር አልፏታል። ቤተ ክርስቲያን እንወስዳታለን። ስቶን ማውንቴንን አሳይተናታል። ያልገባችበት የገበያ አዳራሽ የለም። አንድ ማታ ሻይዋን ፉት እያለች፣ «አገራችሁ ያረጀ ነገር የለውም እንዴ? ሁሉም ትናንት የተሠራ ይመስላል» አለች። ባለቤቴ እንዲህ ያለ ነገር ሲሰማ ዝም አይልም። ስልኩን አውጥቶ ካርታ ይጎረጉር ጀመር። በሳምንቱ መንገድ ላይ ነበርን።

የመረጠው መስመር ከአትላንታ በስተምሥራቅ ይጀምርና ወደ ደቡብ ይወርዳል። ማዲሰን፣ ኢተንተን፣ ሚሌጅቪል፣ ሜከን። አራቱም ከአሜሪካ የእርስ በእርስ ጦርነት በፊት የነበሩ የጆርጂያ ከተሞች ናቸው። ሁለት ቀንና አንድ አዳር ይበቃል። አምስት ነን፦ እኔ፣ ባለቤቴ፣ አሥራ አራት ዓመት የሞላው ወንድ ልጄ፣ የዘጠኝ ዓመቷ ሴት ልጄና እማዬ።

አርብ ማታ፣ ክላርክስተን (ቤታችን)

ኦክቶበር 25፣ 2024። በእኛ ጥቅምት 15፣ 2017። ባለቤቴ «አንድ ሻንጣ ይበቃል» ብሎ ነበር። እማዬ ድፎ ዳቦ ጋገረች። ቆሎ ቆላች። ጀበናዋን በፎጣ ጠቅልላ ከትንሿ የኤሌክትሪክ ምድጃ ጋር በር ላይ አስቀመጠች።

«ሆቴሉ ቡና አለው እማማ፣ ለምን ይደክማሉ?» አላት።

«የእነሱን ቡና ጠጥቼዋለሁ» አለችው። ክርክሩ እዚያ ላይ አበቃ። ምድጃዋ እሁድ ጠዋት እንደምታዋርደን ያኔ አላወቅንም።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ማዲሰን

በሀይዌይ 20 ወደ ምሥራቅ አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ምርጫው አሥር ቀን ቀርቶት ስለነበር ከሀይዌዩ ስንወርድ በየግቢው ሣር ላይ የተወዳዳሪዎች ስም ያለበት ሰሌዳ ተተክሏል። እማዬ አንገቷን እያዞረች ስታይ ቆየችና፣ «ምን መጣባቸው? ሰፈሩ በሙሉ ቤቱን እየሸጠ ነው?» አለች። ልጆቹ ሳቃቸውን መግታት አቃታቸው።

የማዲሰን መሐል አንድ አደባባይ ነው። ዙሪያውን የጡብ ሱቆች አሉ። ከአደባባዩ ትንሽ ፈቀቅ ሲሉ ትላልቅ ዛፎች መንገዱን ይሸፍኑታል፤ ከዛፎቹ ጀርባ ነጫጭ ዓምድ ያላቸው ቤቶች ተደርድረዋል። እማዬ የመጀመሪያውን ስታይ ባንክ መስሏት ነበር። የአንድ ሰው መኖሪያ ነው ብንላት አላመነችም።

መጀመሪያ የገባነው ሄሪቴጅ ሆል ነው። በ1811 የተሠራና የሐኪም መኖሪያ የነበረ ቤት ነው። ጣሪያው ሩቅ ነው። ወለሉ ሲረግጡት ያቃስታል። ሴት ልጄ ከሁሉም የወደደችው የመስኮቱን መስታወት ነው፤ የድሮ ነዋሪዎች ስማቸውን በአልማዝ ጭረው ጽፈውበታል። «እኔ ብጽፍ ትገድሉኝ ነበር» አለች። እውነቷን ነው።

ማዲሰን ከጦርነቱ እንዴት እንደተረፈች ሰው ሁሉ ያወራል። በኖቬምበር 1864 የሰሜኑ ጄኔራል ሸርማን አትላንታን ለቆ ወደ ሳቫና ሲዘምት ያገኘውን ያቃጥል ነበር። ማዲሰን ግን በጣም ስላማረችው ሳሳላት ይባላል። ወሬው ጥሩ ነው፤ ችግሩ ሸርማን ራሱ በማዲሰን አላለፈም። ያለፈው የጦሩ ግራ ክንፍ ነው። ጆሹዋ ሂል የሚባል፣ የጆርጂያን ከአሜሪካ መገንጠል ተቃውሞ የነበረ የቀድሞ የኮንግረስ አባል የከተማዋ ነዋሪ ነበር። ቤቶቹን ያተረፈው እሱ ለምኖ ነው ይላሉ። ባቡር ጣቢያውና ጥጡ ግን አልቀረላቸውም፤ ነደዱ።

ይህን ሁሉ ለእማዬ እየተረጎምኩ ጨረስኩ። እሷ ባንድ ዓረፍተ ነገር ዘጋችው፦ «ሽማግሌ ልከው ነዋ።»

ባለቤቴ ከቤቱ ስንወጣ በረንዳው ላይ ቆመ። የዶሮ ማነቂያ ልጅ ነው። የተወለደበት ቤት በ2016 ዓ.ም ፒያሳ ሲፈርስ አብሮ ፈርሷል። «እዚህ ወለል የሚያቃስት ቤት ለማየት ገንዘብ እከፍላለሁ» አለ። «የእኛም እኮ ያቃስት ነበር።» ምን ይባላል? ዝም ብለን ወረድን።

ከአደባባዩ ጎን አንድ የድሮ ዕቃ ሱቅ ገባን። አቧራ፣ ሰዓት፣ ሳህን፣ የአሻንጉሊት ጭንቅላት። እማዬ በሩ አጠገብ ቀጥ ብላ ቆመች። አንድ ረጅም ማስቀመጫ ውስጥ ከነዛላው የደረቀ ጥጥ እንደ አበባ ቆሟል። ዋጋው 22 ዶላር።

«ይሄ ጥጥ ነው?»

«አዎ።»

«ለምንድን ነው?»

«ለጌጥ። ሳሎን ያስቀምጡታል።»

አንዱን ፍንድቅ ያለ ጥጥ ይዛ ጎተት አደረገችው። ወጣ። ቆማ ፍሬውን በጣቷ ታወጣ ጀመር። እኔ ባለሱቋን እያየሁ ላብ አጠመቀኝ። ሴትዮዋ መጥታ ከት ብላ ሳቀች፤ «ውሰጂው» አለች። እማዬ ልጅ እያለች ጥጥ በመዳመጫ ዳምጣለች፣ በደጋን ነድፋለች፣ ፈትላለች። አንድ ቀን ሙሉ ተቀምጣ የምታወጣው ጥጥ ከእፍኝ ብዙም አይበልጥም ነበር አለችን። ልጄ ስልኩን ከፍቶ ያገኘው ከእሷ ጋር ይገጥማል። አንድ ሰው በእጁ በቀን ግማሽ ኪሎ ገደማ ያወጣ ነበር። በ1793 ኢላይ ዊትኒ እዚሁ ጆርጂያ ውስጥ የሠራው ማሽን ግን ሃምሳ እጥፍ ያወጣል። ሥራው ቀለለ ማለት ነው? አይደለም። ማሽኑ ፈጥኖ ሲዳምጥ ብዙ ጥጥ ተዘራ። የሚዘራውና የሚለቅመው በባርነት የተያዘው ሰው ነበረና የባሮቹም ቁጥር በዚያው አበጠ። ነጫጮቹ ዓምዶች የቆሙት በዚህ ገንዘብ ነው።

ከማዲሰን ሳንወጣ አንድ ቤት ቀርቶን ነበር፤ ለእኔ የጉዞው ሁሉ ምርጥ እሱ ነው። ሮዝ ኮቴጅ ይባላል። ከፍርድ ቤቱ አጠገብ ያለ፣ በረንዳ ያለው ትንሽ የእንጨት ቤት። ያሠራችው አደሊን ሮዝ የምትባል በባርነት የተወለደች ሴት ናት። ነፃ ከወጣች በኋላ የሰው ልብስ እያጠበችና እየተኮሰች፣ አንዱን እጥበት በ50 ሳንቲም፣ ገንዘብ አጠራቅማ በ1891 ይህን ቤት አቆመች። እማዬ እኛን ያሳደገችው እንጀራ ጋግራ ሸጣ ነው። የደሴው ቤታችን ግድግዳ በዕቁብ ቆመ፤ ቆርቆሮው በሌላ ዕቁብ መጣ። የአደሊንን ታሪክ ስተረጉምላት ትልቁ ቤት ውስጥ ያልተቀመጠችው ሴትዮ በረንዳው ደረጃ ላይ ተቀመጠች። «ይሄ ቤት ነው» አለች። ሃያ ደቂቃ አልተነሣችም።

ቅዳሜ ቀትር፣ ኢተንተን

በመንገድ 441 ወደ ደቡብ። ከብት የሚግጥበት አረንጓዴ መስክ። የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው።

ኢተንተን ፍርድ ቤት ግቢ ውስጥ የጥንቸል ሐውልት አለ። ኮት የለበሰ ጥንቸል። በባርነት የነበሩ ሰዎች ማታ ማታ የሚያወሩት የብልጧ ጥንቸል ተረት ነው፤ ጆኤል ቻንድለር ሃሪስ የሚባል የዚያ አካባቢ ነጭ ጸሐፊ ልጅ ሆኖ ከእነሱ አፍ ሰምቶ ጻፈውና ዝነኛ ሆነበት። ደራሲዋ አሊስ ዎከርም በ1944 የተወለደችው እዚሁ ነው። እማዬ ስለ ጥንቸሏ ስትሰማ፣ «የእኛ ጦጣ ናት» አለችና ለልጆቹ የጦጣና የጅብ ተረት ጀመረችላቸው። ወንድ ልጄ እንኳ ጆሮ ማዳመጫውን አወለቀ።

ምሳ አንዲት ትንሽ ምግብ ቤት ገባን። አንድ ሥጋና ሦስት ተጨማሪ በ14 ዶላር። ዝርዝሩ ላይ ጎመን አለ። የእኛው ጎመን፣ ቅጠሉ ሰፊው! እማዬ በአራት ወር ውስጥ እንደዚያ ስትደሰት አላየኋትም። ሁለቴ ጎረሰች። ሦስተኛው ላይ ሹካዋን አቆመች። «ይሄ ቀይ ነገር ምንድን ነው?»

ልቤ ወረደ። አስተናጋጇን ጠራሁ። ጎመኑ የሚቀቀለው በአሳማ እግር ነው። ደቡብ ላይ ጎመን ማለት እንደዚያ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ጆርጂያ ኖሬ ይህን ሳልጠይቅ ማዘዜ የእኔ ጥፋት ነው። እማዬ አፏን ሦስቴ ተጉመጠመጠች። «በዕለተ ኪዳነ ምሕረት!» አለች። ቀኑ 16 ነበር። አስተናጋጇ ደንግጣ «ይቅርታ ማሬ፣ ይቅርታ ማሬ» ትላለች። የዚህ አገር ሰው የማያውቀውንም «ማሬ» ነው የሚለው። ተረጎምኩላት።

«ማሩን ትታ አሳማውን ባወጣችልኝ» አለች።

ሂሳቧን አላስከፈሉንም። ምሳዋ ድፎ ዳቦ ሆነ። ባለቤቴ ሻንጣ ስለማብዛት ሁለተኛ አላነሣም።

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሚሌጅቪል

ሚሌጅቪል ከጦርነቱ በፊት የጆርጂያ ዋና ከተማ ነበረች። ጆርጂያ ከአሜሪካ ለመገንጠል በጃንዋሪ 1861 የወሰነችው እዚሁ ነው። የድሮው የአገረ ገዢ መኖሪያ በ1839 የተሠራ ነው፤ ጉብኝቱ በአስጎብኚ ነው፣ በየሰዓቱ ይነሣል።

ጠዋት ለልጄ «ስምንት ሰዓት ላይ ነው፣ ስልክህ ላይ ያዘው» ብዬው ነበር። ያዘው። ማታ ስምንት ብሎ! ሰዓት የምቆጥረው በሀበሻ ነው፤ እሱ የሚቆጥረው በስልኩ። ተረጋግተን አይስክሬም ስንበላ ጉብኝቱ አመለጠን። አንድ ሰዓት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን ስንካሰስ ቆየን።

መጠበቁ ግን አላስቆጨኝም። መሐል አዳራሹ ክብ ነው። ቀና ሲሉ 15 ሜትር ሽቅብ ተስቦ በወርቅ ቀለም ያጌጠ ጉልላት ላይ ያበቃል። እማዬ ጉልላቱን ስታይ አማተበች።

ሸርማን እዚህ ግን በእርግጥ ገብቷል። አገረ ገዢው ብራውን አስቀድሞ የቤት ዕቃውን አሸክሞ ስለወጣ ጄኔራሉ ያገኘው ባዶ ቤት ነው። የዘመቻ ምንጣፉን ዘርግቶ ወለል ላይ ተኛ። ወታደሮቹ ምክር ቤቱ ውስጥ ገብተው የቀልድ ስብሰባ አድርገው የመገንጠሉን ውሳኔ ሻሩት። ቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ፈረስ አሳደሩ፤ ኦርጋኑ ቧንቧ ውስጥ ሞላሰስ አፈሰሱ ይባላል። ወንድ ልጄ በሞላሰሱ ሳቀ። እማዬ አልሳቀችም።

በ2014 ዓ.ም ጦርነቱ ደሴ ሲገባ እሷ እዚያው ነበረች። አስጎብኚው ሰዎች ብራቸውንና ማንኪያቸውን መሬት ውስጥ ቀብረው ነበር ሲል፣ ሳልተረጉምላት እጁን አይታ ገባት። «እኔም ጤፍ ቀብሬያለሁ» አለች። «ማንኪያ አይበላ።» ቀጥላም፣ አገረ ገዢው ዕቃውን አስቀድሞ ማውጣቱን ስነግራት፣ «ጊዜ አገኘ። የደሴ ሙዚየም ዕቃ አላገኘም» አለች። ከዚህ በላይ ስለዚያ ወቅት አታወራም፤ እኔም አልጠየቅኳት።

የምግብ አዳራሹ ውስጥ ግን ምላሷ ተፈታ። ማን ይበላበት እንደነበር ጠየቀች። እንግዶች አልኳት። «ደሴ የንጉሥ ሚካኤል አይጠየፍ አዳራሽ ውስጥ ድሃውም ይበላ ነበር» አለች። ባለቤቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «በየማዕረጉ፣ በየተራው ነው» አለኝ። ሰማችው። «ቢሆንም ይበላ ነበር» አለች።

ደግሞ በየቤቱ አንድ ጥያቄ አላት። ውሃውን ማን ይቀዳ ነበር? እንጨቱን ማን ይፈልጥ ነበር? የት ነበር የሚተኙት? ከጎበኘናቸው ቤቶች በአንዱ፣ የቱ እንደሆነ አልናገርም፣ አስጎብኚዋ «አገልጋዮቹ» ብላ ልታልፍ ሞከረች። ተረጎምኩ። እማዬ፣ «ደመወዝ ነበራቸው?» አለች። መልሼ ተረጎምኩ። አስጎብኚዋ ትንሽ ቆየችና «የለም፣ ባሮች ነበሩ» አለች። ከዚያ በኋላ ጉብኝቱ ሌላ ሆነ። ምድር ቤቱን አሳየችን፤ ያሰበችው አይመስለኝም።

እሁድ ጠዋት፣ አሁንም ሚሌጅቪል

ቅዳሴ መቅረቱ እማዬን ከብዷታል። ሌሊት ተነሥታ ጸለየች። ከዚያ ምድጃዋን ሰካች።

ቡናው ተቆልቶ ጭሱ እንደወጣ የእሳት ማስጠንቀቂያው ጮኸ። እንዴት ያለ ጩኸት ነው! ባለቤቴ ትራስ ይዞ አልጋ ላይ ወጥቶ ያራግባል። ሴት ልጄ ጆሮዋን ይዛለች። ወንድ ልጄ ይቀርጻል። የሆቴሉ ሠራተኛ መጣ፤ ትሕትናው የበለጠ አሳፈረን። የተቆላውን ይዘን ወደ መኪና ማቆሚያው ወጣን። ያፈላነው እዚያ ነው፤ ምድጃውን ከውጭ ሶኬት ሰክተን፣ ዕቃ መጫኛውን ከፍተን፣ ረከቦት የለ ምን የለ።

ሽታው ሰው ጠራ። ከጎናችን መኪናቸውን ሲጭኑ የነበሩ አንዲት ጥቁር አሜሪካዊት እናት ጠጋ አሉ። ሲኒ ሰጠናቸው። ስኳሩን አበዙት፤ ወደዱት። የጎመኑን ታሪክ ስነግራቸው እማዬን ክንዷን ይዘው ሳቁ። «ሜከን ስትደርሱ በተጨሰ ተርኪ የተሠራውን ጠይቁ። አሁን ብዙ ሰው እንደዚያ ነው የሚሠራው» አሉ። እማዬ እንግሊዝኛ አታውቅም፤ እሳቸው አማርኛ አያውቁም። ሦስተኛውን አብረው ጠጡ።

እሁድ፣ ሜከን

በመንገድ 49 ከአርባ ደቂቃ ትንሽ ቢበልጥ ነው። ትልልቆቹ ቤቶች ከሰዓት ስለሚከፈቱ መጀመሪያ ኦክመልጊ ጉብታዎች ሄድን። የብሔራዊ መንግሥቱ የታሪክ ፓርክ ነው፤ መግቢያ ነፃ ነው። «ያረጀ ነገር የላችሁም?» ላለችው መልሱ እዚህ ነው። ከሺህ ዓመት በፊት ሰው አፈር በቅርጫት እየተሸከመ የሠራቸው ጉብታዎች አሉ፤ ትልቁ 17 ሜትር ገደማ ይሆናል። ደረጃ አለው። እማዬ ከሥር ሆና ጠበቀችን።

የመሬት ጎጆው ውስጥ ግን ገባች። ጎንበስ ብለው በጠባብ መተላለፊያ ነው የሚገቡት። ጣሪያው እንደገና የተሠራ ነው፤ የሸክላ ወለሉ ግን በ1015 አካባቢ እንደነበረው ነው። ዙሪያውን 47 መቀመጫ ከጭቃው ተቀርጿል። ፊት ለፊት የንስር ቅርጽ ባለው መድረክ ላይ ሦስት ሌሎች አሉ። «መደብ!» አለች እማዬ። ቃሉ ሌላ የለውም፤ መደብ ነው። የጎጃምም የወሎም ቤት ያለው መደብ።

«ባለቤቶቹስ?» አለች።

የማስኮጊ ሕዝብ በ1830ዎቹ በግድ ወደ ዛሬው ኦክላሆማ መነዳቱን ነገርኳት። ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ በኋላ የመጣው የባቡር መስመር ጉብታዎቹን ሰንጥቆ ነው ያለፈው።

ምሳ፦ የበሬ ጎድን ጥብስ። «ለጥቅምት አንድ አጥንት» ብሎ ባለቤቴ ሁለት አዘዘ። ጎመኑም በተርኪ የተሠራ ተገኘ። እማዬ ቀምሳ፣ «ዘይቱ በዛ፣ ቃሪያ የለውም» አለች፤ ግን ጨረሰችው። ለአምስታችን 94 ዶላር። ክላርክስተን ውስጥ በዚህ ገንዘብ ሁለት ቀን ክትፎ ይበላል።

ሄይ ሃውስ የሚባለው ትልቅ ቤት ኮረብታ ላይ ነው። ዊሊያም በትለር ጆንስተን የሚባል ባለሀብት ከ1855 እስከ 1859 አሠራው። እሱና ባለቤቱ አዲስ ተጋብተው አውሮፓ ለሦስት ዓመት ሽርሽር ሄደው፣ ጣሊያን ያዩትን አምሮት ይዘው ተመለሱ። ከ1,600 ካሬ ሜትር በላይ ነው። ያኔ ሜከን ውስጥ ሰው በባልዲ ሲቀዳ እዚህ ቤት ቀዝቃዛና ሙቅ ውሃ በቧንቧ ይወርዳል። ከክፍል ክፍል የሚነጋገሩበት ግድግዳ ውስጥ የተቀበረ ቱቦም አላቸው። ልጆቼ ቱቦውን ሲያዩ አበዱ። አስጎብኚው፣ እመቤቲቱ ከላይ ሆና የምትፈልገውን በቱቦ ታዝ ነበር አለ።

«ታች ሆኖ የሚሰማውስ?» አለች እማዬ።

አስጎብኚው ጥሩ ሰው ነው። ጥያቄውን ደጋግሞ እንደተጠየቀው ያስታውቃል። በባርነት ቤቱን ስላገለገሉት ሰዎች ነገረን።

መመለሻ

በሀይዌይ 75 ወደ ሰሜን። ከሜከን አትላንታ ከአንድ ሰዓት ትንሽ ይበልጣል፤ እሁድ ማታ ግን ሁለት ሰዓት ፈጀብን። መንገዱ ተጨናንቆ መኪናው እንደቆመ እማዬ ከኋላ ወንበር ማውራት ጀመረች። ሳንጠይቃት ነው።

የአያቷ ግቢ ውስጥ አንዲት ሴት ነበረች። ከደቡብ ነው የመጣችው ይሉ ነበር፤ ሕፃን ሆና። ባርነትን የሻረው አዋጅ በ1934 ዓ.ም ወጣ፤ እሷ ግን የምትሄድበት ስለሌላት እዚያው ቀረች። እማዬን በጀርባዋ አዝላ አሳድጋታለች። እንዝርት ያስያዘቻት እሷ ናት።

«ስሟ ማን ነበር?» አለች ሴት ልጄ።

«እኛ የምንጠራት አያቴ ባወጣላት ስም ነው። እናቷ ያወጣችላትን ማን ያውቃል።»

«የት ነበር የምትተኛው?»

ጥያቄው ሁለት ቀን ሙሉ የእማዬ የራሷ ነበር። ቶሎ አልመለሰችም።

«ከጓዳ» አለች። «ከወፍጮው ጎን።»

ቤት የገባነው ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። በሀበሻ። ሆቴሉ፣ ነዳጁ፣ መግቢያውና ምግቡ ተደምሮ 410 ዶላር ወጣ። እማዬ ከመሐረቧ የማዲሰኑን ጥጥ አወጣች። ፍሬዎቹን ሴት ልጄ ቆጠረች፤ ሠላሳ ሁለት ናቸው። እንዝርት ስለሌለን እማዬ እርሳስ አንሥታ ጫፉ ላይ ድንች ሰካችበትና ታሾር ጀመር። ሁለቴ ተበጠሰ። በሦስተኛው አንድ ክንድ ክር ወጣ።